የመለዋወጫ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መኪናው ጋራዥ ገብቶ ተፈቷል፤ መካኒኩ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ክፍል) ተሰንጥቋል ብሏል፤ ነጋዴው ደግሞ «ዕቃው እዚህ የለም፣ ከዱባይ አስመጣልሃለሁ፣ ግማሹን ክፈል» ይላል። ባለመኪናው በዚህ ሰዓት የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ብሬን ይዞ ቢሰወርስ? የሚሰወርም አይጠፋም። ጋራዥ በር ላይ የሚሰማው አብዛኛው ጭቅጭቅ ግን ሱቁን ከፍቶ ከተቀመጠ፣ ዕቃውንም ካመጣ ነጋዴ ጋር ነው። ያመጣው አይገጥምም፣ ወይም ዋጋው ሌላ ሆኗል፣ ወይም ሁለት ሳምንት የተባለው ሁለት ወር ሞልቶታል። ሁለቱም ወገኖች እየማሉ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በእጃቸው ያለው ወረቀት «ለቪትዝ ቴስታታ ቀብድ» ከማለት በቀር የሚናገረው የለምና።

የቶዮታ ቪትዝ ቴስታታ የሚባል አንድ ዕቃ ደግሞ የለም። መጀመሪያ የወጣው ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ሞተሩ 1ኤስዜድ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር። ቀጥሎ የመጣው ቅርጽም ባለ 1000 ሲሲ አለው፤ ሞተሩ ግን 1ኬአር፣ ሲሊንደሩም ሦስት ነው። ባለ 1300ው 2ኤንዜድም 2ኤስዜድም ይሆናል። እነዚህ ቴስታታዎች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ስለዚህ ሲታዘዝ የሚሰጠው የመኪናው ስም ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩና የሞተሩ ዓይነት ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ሻንሲው ላይ እንደ ኤስሲፒ10 ያለ የሞዴል ኮድና ሰባት አሃዝ ይነበባል፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የገባ ያሪስ (ቪትዝ በውጭ ገበያ የሚጠራበት ስም) ግን 17 ፊደልና አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። ቁጥሩን ከሊብሬው ገልብጦ መስጠት አይበቃም፤ ከመኪናው አካል ላይ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቢያያዝ አንድ ፊደል የመሳት አደጋው ይቀራል።

ቀጥሎ የዕቃው ፓርት ነምበር፣ ማለትም አምራቹ የሰጠው መለያ ቁጥር ነው። የቶዮታ ቁጥር አሥር ሆኖ በአምስት በአምስት ይከፈላል። የመጀመሪያው አምስት ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ለየትኛው ሞዴል እንደሆነ ይለያል። 11101 ቴስታታ ነው፤ 16400 ራዲያተር፤ 28100 ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ)፤ 04465 የፊት ፍሬን ሸራ። 48510 የፊት የቀኝ ሾክ ሲሆን የግራው 48520 ነው፤ ሁለት ሾክ ታዞ ሁለት የቀኝ የሚመጣው ይህ ሳይታይ ሲቀር ነው። ነጋዴው ቁጥሩን መጻፍ ካልቻለ ዕቃውን ገና አላገኘውም ማለት ነው። ላልተገኘ ዕቃ ለምን ቀብድ ይሰጣል?

«ኦሪጅናል» ተብሎ መጻፉም ምንም አያስርም። በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ከጃፓን መኪና ላይ የተፈታ ያገለገለ ዕቃም ኦሪጅናል ይባላል፤ በካርቶን የታሸገ አዲስም ኦሪጅናል ይባላል፤ ሁለቱም ሐሰት አይደለም። ወረቀቱ ላይ «አዲስ» ወይም «ያገለገለ» ይባል፤ አዲስ ከሆነ የአምራቹ ስም ይጨመር። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ፎቶው አጠገቡ የዕለቱ ቀንና የገዢው ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ተቀምጦ ይነሳ። ከቴሌግራም የተለቀመን የሰው ፎቶ የሚልክ ሻጭ ይህን ሲጠየቅ ወዲያው ሰበብ ያበዛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለገዢ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቷል፤ ችግሩ የሚጠቀምበት ጥቂት መሆኑ ነው። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። 60,000 ብር ለሚያወጣ ቴስታታ 15,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ «ተውኩት» ካለ የሚመልሰው 30,000 ነው። ታዲያ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ፤ «ከዋጋው የተከፈለ» ከተባለ ክርክር ይከፍታል። አንቀጹ በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ነገ ሌላ ቦታ በርካሽ ሲያገኝ ሐሳቡን የሚለውጥ ገዢ የሰጠውን ያጣል። እኛ ከዋጋው ከሩብ በላይ ቀብድ እንዲሰጥ አንመክርም። ግማሽ ካልተሰጠኝ የሚል ነጋዴ ካለ፣ ሁለተኛው ሩብ ዕቃው አገር ውስጥ ገብቶ ቁጥሩ ከታየ በኋላ ይከፈል።

ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ የተቀባዩ ስም ደግሞ ንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ ይሁን። «የወንድሜ አካውንት ነው፣ እዚያ አስገባው» ከተባለ ነገ ፍርድ ቤት ተከሳሹ ማን እንደሆነ ማስረዳት ራሱ አንድ ሥራ ይሆናል። ለደላላና ለመካኒክ ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ መካኒኩ ከነጋዴው ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ ምስክርነቱ ለማን እንደሚሆን ግልጽ ነው። የንግድ ፈቃዱን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ኢትሬድ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ ስሙን፣ የሥራ ዘርፉንና መታደሱን ማረጋገጥ ደቂቃ አይፈጅም። ሲላክም «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ቀብድ፣ ቴስታታ 11101» ብሎ መጻፍ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ይቀራል።

ዋጋው ከቫት ጋር ይሁን ያለ ቫት ይገለጽ፤ 15 በመቶ በመጨረሻው ቀን የሚነሳ ነገር አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ «ዶላር ጨመረ» የሚለው አቤቱታ ባዶ ሰበብ ነው ማለት አይቻልም፤ ነጋዴውም የሚከስርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ወይ ዋጋው አይለወጥም ተብሎ ይቆረጥ፣ ወይ ደግሞ ከዚህን ያህል በመቶ በላይ ከጨመረ ገዢው ቀብዱን ሙሉ በሙሉ ወስዶ መተው ይችላል ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው ለሁለቱም የተሻለ ይመስለናል። ማስረከቢያው ቀንም «በቅርቡ» ሳይሆን ቀን ተቆርጦለት፣ «ቀኑ ካለፈ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዳልፈጸመ ይቆጠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት። ይህ ካልተጻፈ ሕጉ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። ሁለቱ ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክር ይጨመር።

ያገለገለ ሙሉ ሞተር ሲሆን ጥንቃቄው ይበዛል። ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ ኮምፒውተሩና የሽቦ መስመሩ አብረው ይምጡ አይምጡ ተዘርዝሮ ይጻፍ። ሞተሩ ሲደርስ ቀሪው ከመከፈሉ በፊት የዘይት ክዳኑ ይከፈት፤ ከውስጥ ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ካለ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል፣ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ችግር ሊኖርበት ይችላል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የጋዙ ቢራቢሮ (የአየር መግቢያው ክዳን) ተከፍቶ፣ በሞተሪኖ እየዞረ ኮምፕሬሽኑ (የሲሊንደሮቹ የመጭመቅ ኃይል) ይለካ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ከታየ አለመቀበል ነው። ከዚህ ሁሉ የሚረሳው ግን የሞተሩ ቁጥር ነው። አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ስለሚለይ፣ የሽያጭ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ኮፒ ሳይዝ የገዛ ሰው ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ይቸገራል። ሰነዱን ማስረከብ ከሞተሩ እኩል የሻጩ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ።

ዕቃው የማይሆን ሆኖ ከተገኘ በዕለቱ በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት፣ ከነፎቶው ይነገር። መካኒክ አንዴ ከገጠመውና ካጠበቀው በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ደካማ ነው። ዕቃው ጋራዥ ሲገባ በማይታይ ቦታ ቀለም ጠቆም ማድረግ ደግሞ ከሌላ ዕቃ ጋር እንዳይቀያየር ይረዳል። የዘገየ ዕቃ ይዞ ፖሊስ ጋ የሚሄድ ሰው «ፍትሐ ብሔር ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ ፖሊሶቹም ልክ ናቸው። የማታለል ወንጀል የሚሆነው ሻጩ ከመጀመሪያውም በሐሰተኛ ፈቃድ ወይም በሌለው ዕቃ ገንዘብ መቀበሉ ሲታይ ነው።

ደረሰኝ ላይ የሚመታውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አይተው ተስፋ የሚቆርጡም ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ላይ 48520 ተጽፎ 48510 ያመጣ ነጋዴ ግን የታዘዘውን ዕቃ ገና አላስረከበም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በጋራዥና በመለዋወጫ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ