ድልድዩ ሲከፈት ለእኛ ይዘጋል

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ አንድ ወንድማችን ስለ ሲያትሉ ባላርድ ድልድይ የጻፉትን አነበብኩ። አርጅቷል፣ መኪና እያስቆመ መከራችንን ያሳየናል፣ ይፍረስና እንደ ዌስት ሲያትል ከፍ ያለ የማይከፈት ድልድይ ይሠራበት ነው የሚሉት። ግማሹን ሳነብ እሰይ፣ አንጀቴን አራሱት አልኩ። መጨረሻው ላይ ግን ተለያየን።

ብሶታቸው ብሶቴ ነው። በዚህ ከተማ ተሳፋሪ እየጫንኩ መንዳት ከጀመርኩ 17 ዓመት አልፎኛል። ድልድዩ “ተከፈተ” ሲባል ለጀልባ ነው እንጂ ለእኛማ ተዘጋ ማለት ነው። ደወሉ ይጮሃል፣ ዘንጉ ይወርዳል፣ አስፋልቱ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ወደ ሰማይ ይነሳል። አንድ እሑድ ከሰዓት ወደ ኤርፖርት የምትጣደፍ ሴት ጭኜ እዚያው ተገተርኩ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ እሷን በመስታወት አያለሁ፣ ከታች ደግሞ አንድ ሰውዬ የቡና ኩባያውን ይዞ በሸራ ጀልባው ዘና ብሎ ያልፋል፤ እጁንም አውለበለበልን። ከተሳፋሪዋ በስልክ አንድ ኮከብ ብቻ የተሰጠኝ ግን እኔ ነኝ። ለጀልባ ኮከብ አይሰጥ ነገር!

ድልድዩ ሽማግሌ ነው፣ እሱን አልክድም። የተሠራው በፈረንጆቹ 1917 ነው፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት። የእግረኛ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ብስክሌትና እግረኛ ሲገናኙ አንዱ ጥግ መለጠፍ አለበት።

ግን “ከፍ ያለ ይሠራ” ስንል ምን ያህል ከፍ ያለ? ኦሮራ ድልድይን እዩት። በ1932 የተከፈተ ነው፣ ከውኃው 50 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ጀልባ አያሳስበውም። አጠገቡ ያለው ፍሪሞንት ደግሞ 9 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። ታዲያ ኦሮራ የተሳካለት ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ስለተዘረጋ ነው። ባላርድ ሜዳ ነው! 40 ሜትር መውጣት አለብን እንበል፤ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ብንወጣ በአንዱ ወገን ብቻ 800 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል፣ በወዲያኛውም እንደዚያው። ያ ሁሉ ኮንክሪት የሚያርፈው በጋራዡ፣ በምግብ ቤቱ፣ በሱቁ አናት ላይ ነው። ዝቅ እናድርገው ካልን ደግሞ ለጥገና በድልድዩ ሥር አልፈው ሌክ ዩኒየን ወደሚባለው ሐይቅ የሚገቡት መርከቦች በየት ይለፉ? የውኃው መንገድ የፌዴራል ነው፤ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው (ኮስት ጋርድ) ሳይፈቅድ ከተማው ብቻውን ተነስቶ ድልድይ አይዘረጋበትም።

አሁን ወደ ዌስት ሲያትል ልምጣ፣ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። እዚያም ድሮ የነበረው ተከፋች ነው። በ1978 አንቶኒዮ ቻቬዝ የሚባል የጭነት መርከብ ገጨውና ጉድ ሆነ፤ ከፍ ያለው ድልድይ በ1984 ተከፈተ። ደወል የለ፣ ዘንግ የለ፣ ሽው ነው። ማርች 2020 ላይ ስንጥቁ ብሶ ተገኘና በዚያው ቀን ዘጉት። እስከ ሴፕቴምበር 2022! በቀን ወደ 100 ሺህ መኪና የሚያሳልፍ ድልድይ ሁለት ዓመት ተኩል ተዘጋ። ያኔ እዚያ ደንበኛ የነበረው ሾፌር ያውቀዋል፣ አሥር ደቂቃ የነበረው መንገድ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ታዲያ በየት ሄድን? በፈርስት አቬኑ ሳውዝ ድልድይ። እሱ ተከፋች ነው። ወይም በሳውዝ ፓርክ፤ እሱም ተከፋች ነው። ከተዘጋው ትልቅ ድልድይ ሥር ያለው ዝቅተኛው ድልድይ በአብዛኛው ለአውቶቡስ፣ ለአምቡላንስና ለጭነት መኪና ተተወ፤ እሱም ለመርከብ ዞር ብሎ መንገድ የሚለቅ ነው። ትልቁ ሲታመም ያስታመሙን እነዚሁ የምንሰድባቸው ናቸው። ሳውዝ ፓርክ ራሱ የ1931ዱ ድልድይ አርጅቶ በ2010 ሲዘጋ አራት ዓመት ከጠበቁ በኋላ የተኩት በሌላ ተከፋች ነው። እኔ በበኩሌ ሞኝነት ነው አልልም።

ስለዚህ የባላርዱም ይተካ፣ ግን የሚከፈት ይሁን። አሁን ካለበት 13 ሜትር ገደማ ጥቂት ሜትር ከፍ ቢል፣ ብዙው የሸራ ጀልባ ሳያስቆመን ከሥር ያልፋል። የእግረኛ መንገዱ ይስፋ። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ሲሚንቶ የማይጠይቅ ነገር አለ። በሥራ ቀን በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ 9፣ ከሰዓት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ከትልልቅ መርከቦች በቀር ለማንም አይከፈትም። የዛሬው ትራፊክ ግን በ6 ሰዓት ቤቱ አይገባም፣ እስከ 7 ይራዘምልን። ይህን ለመጠየቅ የጠረፍ ጠባቂው ጋ መጻፍ ነው፣ እኛ ግን ኤርፖርት ፓርኪንግ ላይ ተሰብስበን መማረር ይቀናናል (እኔም ያው ነኝ)።

ለወንድማችን ግብዣ አለኝ። አንድ ቅዳሜ መኪናችንን አቁመን ባላርድን በእግር እንሻገረው። ከተከፈተብን የጀልባዎቹን ቁመት አብረን እናያለን፤ ቡናው በኔ ነው።

አንድ ሾፌር፣ ከሬኒየር ቫሊ፣ ሲያትል