«ድመት መጽሐፍ አታነብም» ተብሎ ለተሰጠኝ መልስ የቀረበ ቅሬታ

ለአሳታሚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ይታረማል ተብሎ ቀለሙ ብቻ ስለተቀየረው አበባ

የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ቀደም ሲል የጻፍኳቸው ደብዳቤዎችም ሆኑ የላካችሁልኝ መልሶች በእጃችሁ ስላሉ ታሪኩን ከሥር ጀምሬ አልተርክም። እንደገና ማስረዳት እንደሰለቸኝም አልደብቅም፤ በደወልኩ ቁጥር አዲስ ሰው ያነሣል፣ አዲሱም ሰው «የትኛው መጽሐፍ?» ብሎ ይጀምራል።

የድመቷ ተከታታይ ታሪክ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፤ ገጽ 14። ቤተሰቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ጠረጴዛው መሀል ማስቀመጫ ውስጥ የሊሊ አበባ አለ። ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ቅጠሉን ትነክሳለች፣ ትንሿ ልጅ ታጨበጭባለች፣ ከሥሩ ደግሞ «ውሮ አበባውን ቀመሰች፤ እንዴት ይጣፍጣል!» የሚል ጽሑፍ አለ። (ድመት የጣፋጭ ነገርን ጣዕም መለየት እንደማትችል ለጊዜው ልተወው።) ሊሊ ድመትን ይገድላል። ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ጸጉሯ ላይ ወድቆ የምትልሰው ብናኙ፣ ሌላው ቀርቶ አበባው የቆመበት ውኃ ኩላሊቷን ይጎዳል። ፈጥና ሐኪም ዘንድ ካልደረሰች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ኩላሊቷ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ይህን ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ይነግራችኋል። ደግሞም አልተከራከራችሁኝም፤ «በሁለተኛው እትም አበባው ይቀየራል» የሚል፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላካችሁልኝ። ደብዳቤውን አስቀምጬዋለሁ።

ሁለተኛው እትም ደረሰኝ። ገጽ 14ን ገለጥኩ። አበባው ተቀይሯል፤ ነጭ የነበረው ሮዝ ሆኗል።

ሌላ የተነካ ነገር የለም። ወደ ኋላ የተቀለበሰው ባለ ስድስት ክንፍ አበባ ያው ነው፣ ከመሀሉ የወጡት ብናኝ የተሸከሙ ስድስት ዘንጎችም ያው ናቸው። ድመቷም እንደ ልማዷ ትነክሳለች፣ ልጅቷም ታጨበጭባለች። አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ቀለም ለውጦ፣ ሌላው «ታርሟል» ብሎ ፈርሞ አሳልፎታል ማለት ነው። ይህን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

በዚያው ዕለት ደወልኩ። አሁን በቃሌ የማውቀውን ሙዚቃችሁን አዳምጬ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ባልደረባችሁ አነሣ። ነገሩን አስረዳሁት። «እርስዎ የጠየቁት አበባው እንዲቀየር ነው፤ ተቀይሯል፤ ቃላችንን ጠብቀናል» አለኝ። ነጭም ይሁን ሮዝ፣ ቢጫም ይሁን ብርቱካናማ፣ የሊሊ መርዝ ከቀለሙ ጋር እንደማይገናኝ ነገርኩት። ዝም አለ። የሚመዘግብ መስሎኝ ጠበቅሁት። ከዚያም «ለመሆኑ ድመት መጽሐፍ ታነባለች እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያለ ሌላ ሰውም አብሮት ሲስቅ ይሰማኝ ነበር። «ድመት መጽሐፍ አታነብም፤ ስለዚህ አይጨነቁ» አለና፣ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ ከማለቴ ስልኩ ተዘጋ።

ድመት እንደማታነብ አውቃለሁ። የአራት ዓመት ልጄም አታነብም። መጽሐፉን የገዛሁት ማንበብ ለማትችል ልጅ ነው፤ እናንተም ያዘጋጃችሁት ለእንደ እሷ ዓይነቷ ነው። እኔ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ሳነብላት እሷ ሥዕሉን ታያለች፣ ያየችውንም ታምናለች። መጽሐፉን ባነበብንላት ሰሞን የማሰሮ ተክል ቅጠል ቆርጣ በድመታችን አፍ ውስጥ ልታስገባ ስትታገል አግኝቻታለሁ። ደግነቱ ተክሉ ጉዳት የሌለው ዓይነት ነበር። ይህን ለባልደረባችሁ ልነግረው ነበር፤ ለመሳቅ ቸኮለ እንጂ።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ እስከ ዛሬ በትዕግሥት ያለፍኳቸውንም ልናገር። በሁለተኛው መጽሐፍ ያቺው ባለ ሦስት ቀለም ድመት ከገጽ 5 ጀምሮ «ዘለለ፣ ሮጠ፣ ተኛ» እየተባለች ወንድ ሆናለች፤ በሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ወልዳለች። ብርቱካናማውን ቀለም የሚወስነው ዘረመል፣ ሴቷ ሁለት ወንዱ ግን አንድ ብቻ ባለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ ባለ ሦስት ቀለም ድመቶች ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ናቸው፤ ይህን ባታውቁ አልፈርድባችሁም። የራሳችሁን መጽሐፍ ግን ማንበብ ትችሉ ነበር። ጠዋት የተወለዱት ግልገሎች ማታ ዓይናቸውን አፍጥጠው ኳስ ያባርራሉ፤ የድመት ግልገል ዓይኑን የሚገልጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የኋላ እግሯ አምስት ጣት አለው፤ አራት መሆን ነበረበት። በየሽፋኑ ላይ የወተት ሳህን አለ፤ ያደጉ ድመቶች አብዛኞቹ ወተት ሆዳቸውን ይረብሻቸዋል። ገጽ 18 ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ በጥራዙ መሀል ስለተዋጠ፣ መጽሐፉን ገንጥዬ ካላየሁ በቀር ምን እንደሚል ማወቅ አልቻልኩም።

ሠዓሊውን አልከስም። ገጽ 22 ላይ ድመቷ ጅራቷን በአፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ፣ አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ በሩ አዙራ የተኛችበትን ሥዕል የሠራ ሰው ድመት ሲተኛ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢነገረው ኖሮ በሊሊው ፋንታ ጽጌረዳ፣ ወይም ድመቶች ያለ ጉዳት የሚያኝኩትን የገብስ ቡቃያ በደስታ ይሥል ነበር። እንዳልተነገረው እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር የምፈልገው በስልኩ ስለተሳቀብኝ ይቅርታ ብቻ ነበር። እዚህ ስደርስ ግን አይበቃኝም። ይቅርታው በጽሑፍ ይሁንልኝ። ገጽ 14 ላይ የሚለጠፍ ማረሚያ፣ አበባው ለድመት መርዝ መሆኑን ከሚገልጽ አጭር ማሳሰቢያ ጋር ታትሞ መጽሐፉን ለገዛ ሁሉ ይላክ። ያልተሸጡት ቅጂዎች ማረሚያው እስኪለጠፍባቸው ድረስ ከመደርደሪያ ይነሡ። ለሦስቱም መጽሐፎች የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ። የቀለሙን ለውጥ «እርማት» ብሎ ያጸደቀው የትኛው ክፍል እንደሆነም ይገለጽልኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ማኅተማችሁ ያረፈበትን ደብዳቤ ከሁለቱ እትሞች ገጽ 14 ጋር አያይዤ ለሸማቾች መብት አስከባሪው አካል አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመጽሐፉ ገዢ

ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ለዋና አዘጋጁ

ማሳሰቢያ፦ በቅርቡ ይወጣል ብላችሁ ባስተዋወቃችሁት አራተኛ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ድመቷ የተፈታ የሱፍ ክር ጫፍ በአፏ ይዛለች። የተዋጠ ክር አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። ገና አልታተመምና፣ እባካችሁ የክሩን ቀለም ሳይሆን ክሩን አንሡት።