የተቃጠለውን ቦርድ አትጣሉት፦ የድጋፍ ጥሪ ከቱሉ ዲምቱ

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንሠራ መካኒኮችና የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ከጥቂት የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዎች ጋር አንድ ሥራ ጀምረናል። ቪትዝም ኮሮላም ላይ የሚገኘውን፣ 1ኤንዜድ የሚባለውን 1.5 ሊትር ሞተር የሚያዝዘውን ኮምፒውተር ፈትተን የቦርዱን (ዕቃዎቹ የተበየዱበትን ሰሌዳ) ሙሉ ንድፍ ልናወጣ ነው፤ የጀመርነውም በቪትዙ ነው። እስካሁን በኪሳችን ሄድን፤ ከዚህ በኋላ ግን ያለ እናንተ አንችልም።

«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ከተባለ በኋላ የባለመኪናው መንገድ ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ የሚገዛው አሮጌ ቦርድ ዋስትና የለውም። መኪናው ኢሞቢላይዘር (ከራሱ ቁልፍ ውጭ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክል የስርቆት መከላከያ) ካለው ደግሞ የሌላ መኪና ቦርድ ቁልፉን ስለማያውቅ ሞተሩን አያስነሳም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን እያከምን ከመቆየት ሌላ አማራጭ የለም። (አሮጌው የናፍጣ ሚኒባስ ፓምፑ መካኒካል ስለሆነ ይህ ጣጣ አይነካውም፤ ታድሎ!)

የሚያበሳጨን ሞተ የተባለው ቦርድ ሳይሞት መጣሉ ነው። ከከፈትናቸው በአንዱ ላይ አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ፈሳሹን አፍስሶ ከሥሩ ያለውን የመዳብ መስመር አረንጓዴ እስኪሆን በልቶታል። የጋለው ካውያ ሲነካው የከረመ ዓሣ ይሸታል። ዋናው ፕሮሰሰር ግን ደህና ነበር። ካፓሲተሩ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ችግሩ የተበላው መስመር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚነግረን አለመኖሩ ነው። በግምት ሽቦ የዘረጋ ሰው የተረፈውንም ያቃጥላል። አምራቹ የቦርዱን ንድፍ ለጋራዥ አይሰጥም፤ ስለዚህ ራሳችን እንሥለዋለን።

አንድ ቦርድ መሥዋዕት ይሆናል። የተቀባውን መከላከያ ቫርኒሽ አስለቅቀን፣ ዕቃዎቹን በሞቃት አየር አንድ በአንድ እያነሣን፣ ቁጥር እየሰጠን ወረቀት ላይ እንለጥፋለን። ባዶውን ቦርድ በሁለቱም ገጹ በቢሮ ስካነር አንሥተን ኪካድ በሚባል ነፃ ፕሮግራም መስመሮቹን እንከተላለን፤ ዓይን የሳተውን ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) መስመሩ ሲገናኝ እየጮኸ ያርመዋል። ጤነኛው ቦርድ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ 12 ቮልት ተሰጥቶት ይታለላል። የዚህ ሞተር የክራንክ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ጥርስ ለ36 የተከፋፈለ ሆኖ ሁለቱ ሆን ተብለው ተዘልለዋል፤ ኮምፒውተሩ የክራንኩን አቀማመጥ የሚለየው በዚያ ክፍተት ነው። ተማሪዎቹ ይህንን ምልክት ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ምልክት ጋር በአርዱይኖ (በፕሮግራም በሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ) ሠርተው ሲልኩለት፣ ቦርዱ ሞተሩ የሚዞር መስሎት በ1-3-4-2 የሲሊንደር ተራ ለካንዴላዎቹ ትእዛዝ መስጠት አለበት። መስጠቱን በቴስተር ማረጋገጥ ግን አይቻልም፤ ትእዛዙ በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ያልፋል።

ከሁሉ በላይ የቸገረን ስለዚህ ባለ አራት ቻናል ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ እንደ ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) ነው። ክራንኩን፣ ካሙን (ካምሻፍቱን)፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይልና ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጄክተር ጎን ለጎን ካላየን አንዱ ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት አናውቅም። ሞቃት አየር የሚነፋውን መሣሪያ በውሰት ነው የምንሠራበት፤ ባለቤቱም መታከቱን በፊቱ እያሳየን ነው። እነዚህንና ቮልቱ የሚስተካከል የኃይል ምንጭ ለመግዛት 90,000 ብር ጎድሎናል። ከ50 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን ስጡ። ገንዘቡን የሚይዙት የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ከእኛ አንዳችንም አንነካውም፤ መካኒክ በገንዘብ ነገር ምን ያህል እንደሚታመን እናውቃለንና። ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ ጋራዡ በር ላይ ይለጠፋል።

ንድፉ ሲያልቅ ለጠየቀ ጋራዥና ኮሌጅ ሁሉ በነፃ ይሰጣል፤ አይሸጥም። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ፦ የኢሞቢላይዘሩን ማለፊያ አንፈልግም፣ ብናገኘውም አናወጣም። ሌባን ለማገዝ አልተሰበሰብንም።

ገንዘብ ለሌላችሁ ከገንዘብ የማያንስ ነገር አለ፤ ጋራዣችሁ ጥግ የተጣለ ማንኛውም የ1ኤንዜድ ኮምፒውተር ይጠቅመናል። ውኃ የገባው ቢሆንም፣ ሌላ ሰው ነካክቶት የተበላሸ ቢሆንም አምጡት። ከመኪናው ስታወጡት ግን ሶኬቱን ነቅላችሁ አትጣሉ፤ ገመዱን ከሶኬቱ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። የትኛው የሶኬት እግር የት እንደሚሄድ መጀመሪያ የምናውቀው በሽቦዎቹ ቀለም ነው።