እማዬ፣ ሰዓቱን እግርሽ ላይ እሰሪው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉ ቀለል ብሎሻል ሲሉኝ እፎይ አልኩ። ግን ሚሚ እንደምትለኝ እዚያ ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አትወርጂም። ጠያቂው ሁሉ አጥሚቱን ይዞ ይመጣና «አይዞሽ፣ ዕረፊ፣ አትንቀሳቀሺ» ይልሻል አሉ። በክፋት አይደለም፤ እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይተኛል። ሐኪሙ ግን «ትራመድ» ብሏል። እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ለምን መሰለሽ? እዚህ አሜሪካ ተመራማሪዎች ጤነኛ አዛውንቶችን 10 ቀን አልጋ ላይ አቆይተዋቸው ነበር። ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ገደማ ጡንቻ ሄደ። ያውም ሳይታመሙ! አንቺ ደግሞ ሳምባ ምች ይዞሽ ነው የተኛሽው። ሳምባሽ ድኖ ጉልበትሽ እምቢ ቢል የቤታችንን ደረጃ እንዴት ልትወጪው ነው?

በሰው የላክሁልሽ ሰዓት ጌጥ አይደለም፤ እርምጃ ይቆጥራል። እጅሽ ላይ ካሰርሽው ግን ጉድ ይሠራሻል። በዎከር፣ በመደገፊያው ብረት ስትሄጂ እጅሽ ብረቱን ጨብጦ ስለሚቆይ፣ ሰዓቱ የቆምሽ ይመስለዋል። ስለዚህ ሚሚ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ታስርልሽ። ማሰሪያውን ሆን ብዬ ረጅሙን ነው የመረጥኩት። የሳቀ ይሳቅ፣ አልቦ ነው በያቸው።

10,000 እርምጃ የሚሉትንም አትስሚ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ የእርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጥ የወጣ የገበያ ስም ነው፤ ሐኪም ያዘዘው አይደለም። ላንቺ እስከ ሽንት ቤት፣ ሲሻልሽ ደግሞ እስከ ኮሪደሩ መስኮት ይበቃል። ነገ ከዛሬ በትንሹ ከበለጠ እሰየው ነው። ማታ ማታ ሚሚ ቁጥሩን በቤተሰቡ ቴሌግራም ትለቀዋለች፤ እንግዲህ ሁላችንም እናይሻለን።

ቅዳሜ አቢቲ በቪዲዮ ይደውልልሻል። አስተማሪሽ እሱ ነው። ከወንበር ትነሺያለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ እሱ ይቆጥራል። በአማርኛ ሲቆጥር ሁሌ ስድስትን ይዘላል። ዝም በይው፣ አንድ ይተርፍሻል።

አደራ፣ ከአልጋ በአንዴ ብድግ አትበይ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀመጪ፣ እግርሽን አንጠልጥለሽ ትንሽ ቆዪ። ካዞረሽ ተመልሰሽ ጋደም በይ። ጉሉኮስ ከተሰካልሽ ሲስተሯን ሳትጠሪ እንዳትነሺ። ነጠላ ጫማውንም ተይው፣ ያንሸራትታል። ሚሚ ተረከዝ የሚይዘውን ጫማሽን ከቤት ታምጣልሽ።

ቻርጀሩ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ማታ ስትተኚ ይሰካ። ሐኪሙ መቼ እንደሚያስወጣሽ ጠይቂልኝና በድምፅ ላኪልኝ።

ልጅሽ