ሦስት ዓይነት ስምንት

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ደኅና ነኝ።

ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ባለፈው ግን «ስምንት ነጥብ ዜሮ ስምንት» ስልዎ «አዎ፣ ሁለት ስምንት» ብለው ሲመልሱልኝ ልቤ ቀጥ አለ። ጆሮዎን መውቀሴ አይደለም፤ መስመሩም ይቆራረጣል። የጠመንጃ አረር ውፍረት ቁጥር ግን አንዱ ከአንዱ ከተምታታ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ በትልልቁ ጻፍኩልዎ፤ መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡት።

ዋናውን ላስቀድም። ሰደፏ ላይ ቀይ ክር ያሰርኩባትን፣ በርሜሏ ሌላ ስስ ቱቦ የለበሰውን ረጅሟን ጠመንጃ፣ እኔ እስክመጣ እንዳይተኩሱባት። «ኤስ የሚል ምልክት አለባት እኮ!» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሱን እመለስበታለሁ።

ባለፈው ወር «ዓይኔ ሳይከዳኝ ጠመንጃዎቹን ለይተሽ ጻፊባቸው» ብለው ቁልፉን ሲሰጡኝ የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ምልክት ማንበብን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ዘውዱም ዓመተ ምሕረቱም ከማቀባበያው እጀታ ኋላ፣ ሰደፉ በሚሰካበት ብረት በስተቀኝ እንደሚገኝ፤ የሩሲያው ሞሲን ኮከብ ካለበት ከቱላ፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት ካለበት ከኢዥየቭስክ ፋብሪካ እንደወጣ፤ የጃፓኑ አሪሳካ ላይ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ አበባ ብዙ ጊዜ ተሞርዶ እንደሚገኝ፣ ይህን ሁሉ ፊደል ሳልቆጥር ነው የነገሩኝ። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በእኛ አፍ ተለውጦ የቀረ መሆኑን የሰማሁ ዕለት እንዴት እንደሳቅኩ ያስታውሳሉ? መለካትን ግን አላስተማሩኝም። ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎም አይለኩም ነበር። ስም አይተው ነበር የሚገዙት።

ያታለለንም ስሙ ነው። በርሜል ውስጥ የተጠማዘዙ ቦዮች አሉ፤ በቦዮቹ መካከል ደግሞ ጎልቶ የቀረው ብረት፣ ጉብታው፣ አለ። የጠመንጃው መጠሪያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለው ስፋት ነው። አረሩ መሙላት ያለበት ግን ከቦይ እስከ ቦይ ያለውን ነው። የሊ ኤንፊልድ መጠሪያ በሚሊ ሜትር ሲመነዘር 7.70 ይሆናል፤ አረሩ ግን 7.90 አካባቢ ነው። ሞሲንም የኔቶው ጥይትም «7.62» ይባላሉ፤ የመጀመሪያው አረር 7.90 አካባቢ ሲሆን የሁለተኛው 7.82 ነው። ስማቸው አንድ፣ ውፍረታቸው ለየቅል።

አሁን ወደዚያ «ስምንት» ብለው ወደጻፉበት ቆርቆሮ ልምጣ። ቀለህ መልሰው ሲሞሉ የሚጠቀሙባቸውን አረሮች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ በማይክሮሜትር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ለካኋቸው። ሦስት ዓይነት ሆነው ተገኙ፦ 8.08፣ 8.22 እና 8.36። በዓይን ቢያዩአቸው መንታ ናቸው። ለዓመታት እየዘገኑ ሲሞሉ ምን እንዳተረፈን እንጃ።

8.08ቱ የባለ ቀይ ክሯ ነው። እሷ በ1888 እ.ኤ.አ. አንድ የጀርመን ወታደራዊ ኮሚሽን ያወጣት ናት፤ የጥንት አረሯ አፍንጫው ድብልብል ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጀርመኖች ሹሉን፣ ወፍራሙን 8.22 አመጡ። ክፋቱ ቀለሁን አልቀየሩትም። አዲሱ ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ማቀባበያው ይዘጋል፤ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለም። ቃታው ሲሳብ ግን 14 መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚተርፈው ብረት የሚሄድበት የለውም፤ ግፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊትዎ ይዞራል። ያን ጊዜ የተሠራ ብረት ደግሞ እንደ ኋለኛው የጀርመን ጠመንጃ እንደ ማውዘር ጠንካራ አይደለም።

«ኤስ» የምትለዋ ፊደል እውነት ናት፤ ሹሉን አረር እንዲቀበል የበርሜሉ ጉሮሮ መስተካከሉን ትናገራለች። ቦዮቹ ሁሉ 8.22 ሆነዋል ማለት ግን አይደለም። የእርስዎዋን በርሜሏ ውስጥ ለስላሳ የእርሳስ ብረት ገፍቼ ስለካት 8.09 ሆነች። ፊደል ካለው ብረትና ከተለካ እርሳስ የማምነው እርሳሱን ነው።

ግራ የሚያጋባው አጭሯም «ኤስ» ያለባት መሆኗ ነው፤ እጀታዋን ሳያጥፉ ቀጥ አድርገው የሚስቧት የኦስትሪያዋ ማንሊከር 95። የእሷ «ኤስ» ፈጽሞ ሌላ ቋንቋ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ማንሊከሮቹ ለአዲስ ጥይት ሲቀየሩ የተመታችባት ናት፤ ሃንጋሪዎች «ኤች» ይመቱ ነበር። አረሯ 8.36 ነው፤ ከሦስቱ ወፍራሙ። 8.22 ቢያጎርሷት አትፈነዳም፤ ነገር ግን ጋዙ በአረሩ ጎን ያመልጣል፣ አረሩም ቦዩን ሳይጨብጥ ይወጣል። በነገራችን ላይ የእሷ በርሜል በዝገት በመበላቱ ዘይት አይውቀሱ። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨውን ደግሞ ዘይት አያሟሟውም። መጀመሪያ በውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ነበረብን።

እንዴት እንደለካሁ ይጠይቁኛል። ማቀባበያውን አውጥቼ፣ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ በርሜሉን ዘይት ቀባሁ። ከቦዩ ስፋት በጥቂቱ የሚበልጥ ለስላሳ ንጹሕ እርሳስ አፈሙዙ ላይ አስቀምጬ በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ከዚያ በነሐስ ዘንግ ቀስ በቀስ ገፋሁት። እጅ ብዙ ነገር ይሰማዋል፦ እርሳሱ የሚጠብቅበትን፣ የሚላላበትን፣ ዝገቱ የሚፍቅበትን። በሌላው ጫፍ ሲወድቅ የበርሜሉን ውስጥ ገልብጦ ይዞ ይወጣል፤ በርሜሉ ላይ ቦይ የነበረው እርሳሱ ላይ ጉብታ ሆኖ። ከጉብታ ጫፍ እስከ ትይዩ ጉብታ ጫፍ ለካሁ፤ አለቀ።

ከሊ ኤንፊልዱ በስተቀር። እሱ አምስት ቦይ ስላለው ለእያንዳንዱ ጉብታ ትይዩው ጎድጓዳ ነው፤ የማይክሮሜትሩ ሁለት መንጋጋ ሁለት ጉብታ ላይ አያርፍም። አንድ ሌሊት ሙሉ በየጊዜው የተለያየ ቁጥር እየሰጠኝ አበድኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የዚህ መሣሪያ አንደኛው መንጋጋ እንደ ሹካ የተከፈለ፣ በሦስት ነጥብ የሚይዝ ዓይነት እንዳለ በኋላ ተረዳሁ። ተውሼ ለካሁት፤ 7.92። ደኅና ነው፣ ያው የተለመደው አረር ይሆነዋል።

አራተኛዋ የጣልያኗ ካርካኖ ናት፤ እዚህ ላይ የቆየ ሒሳብ አለን። በልጅነቴ በእሷ ስተኩስ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» ይሉኝ ነበር። ዒላማው ላይ የተገኘው ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ የነበረው ትዝ ይልዎታል? አረሩ አየር ላይ ተጋድሞ ነበር የሚደርሰው። የእኛ አረሮች እንደ አብዛኛው ባለ 6.5 ጠመንጃ 6.70 ናቸው፤ የካርካኖ ግን 6.80 መሆን ነበረበት። 91 የምትባለው የዚህች ረጅም ካርካኖ ቦይ ደግሞ ወደ አፈሙዙ በቀረበ ቁጥር ጥምዘዛው ይጠብቃል፤ ላላ ብሎ የገባ አረር ያንን አይከተልም። እጄ አልነበረም አባባ! ይህን ለመጻፍ ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ።

አረሮቹን ለያይቼ በሦስት ጣሳ አድርጌያቸዋለሁ፤ በቀይ ቀለም በትልቁ ጽፌባቸዋለሁ። ቁጥሩ ካልታየዎት ክዳኑን በጣትዎ ይዳብሱት፤ ጣሳዎቹ ባዶ ሳሉ በምስማር ወግቻቸዋለሁ። አንድ ስርጉድ 8.08፣ ሁለት 8.22፣ ሦስት 8.36። ለሁለቱ ስርጉድ የሚሆን ጠመንጃ ቤታችን የለም፤ እሱን ጣሳ እኔ ስመጣ ይዤው እሄዳለሁ። ለካርካኖዋ 6.80 አገኝላት ይሆናል፤ አንድ ቀዳዳ ያልወጣለት ወረቀት ያስቀምጡልኝ።

ልጅዎ