ዕድሩ ሳንሞት ይድረስልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዕድር ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ድንኳን፣ ንፍሮና ለቀስተኛ ነው። አካል ጉዳተኛ የሆነ አባል ወርሃዊ መዋጮውን ከሌላው እኩል ይከፍላል። ድንኳን ሲተከልና ሬሳ ሲሸከሙ ግን «እናንተማ ይቅርባችሁ» ይባላል። የሚባለው በደግነት ነው። ሆኖም ከሥራው የቀረ ሰው ቀስ በቀስ ከስብሰባውም ይቀራል፤ ተራ የሌለው አባል ሐሳብ ቢያቀርብ የሚያዳምጠው የለም። መስማት የተሳነው ደግሞ ጡሩምባው ሲነፋ ስለማይሰማ ከቀብር ቀርቶ ባልሰማው ጥሪ ይቀጣል።

አዲስ ማኅበር ይቋቋም አንልም። የምንለው ባለው ዕድር ውስጥ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት፣ ከ5 እስከ 7 ሰው ያለው የመረዳጃ ቡድን ይኑር ነው። ከ5 ካነሰ አንድ ሰው ሲታመም ተራው ይፈርሳል፤ ከ7 ከበለጠ ደግሞ በአንድ ጠዋት መዳረስ ያቅታል። የጉዳቱ ዓይነት የተቀላቀለ ይሁን። ሁሉም ዊልቸር ተጠቃሚ ከሆኑ ዳገቱ ላይ የሚገፋ ይጠፋል። ዓይነ ስውሩ እየገፋ፣ ዊልቸር ላይ ያለው መንገዱን እየመራ ሁለቱም ካሰቡበት ይደርሳሉ።

የመጀመሪያው ሥራ የጠዋት ጥሪ ነው። አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው እያለ ይሄድና የመጨረሻው ተመልሶ ለአንደኛው ይደውላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ለአንደኛው ካልተመለሰ የሆነ ቦታ ተቋርጧል ማለት ነው። ሚስድ ኮል ይበቃል፣ ሂሳብ አይቆርጥም፤ መስማት የተሳነው በጽሑፍ መልእክት ይመልሳል። ያልመለሰ ሰው ካለ ደዋዩ እሱን ዘሎ ወደሚቀጥለው ይደውላል፤ ቅርብ ያለው አባል ወይም ጎረቤት ደግሞ እስከ 3 ሰዓት ሄዶ በር ያንኳኳል። የወደቀ ሰው ተነስቶ በር መክፈት ስለማይችል ትርፍ ቁልፍ አስቀድሞ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ። ጥሪው የሚፈርሰው ብዙ ቀን ምንም ሳይፈጠር ሲያልፍ ነው፤ ሰው ይሰለቻል፣ «ትናንትም ደህና ነበር» ይላል። መብራት ጠፍቶ ስልክ የሚዘጋበት ቀንም አለ። በር ማንኳኳቱ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው የአልጋ ቁስልን ነው። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው መቀመጫው ላይ ሕመም ስለማይሰማው አጥንቱ ሥጋውን ሲጫነው አያውቅም፤ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ይወጣል። ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ጎንበስ ወይም ወደ ጎን ዘንበል ብሎ 1 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ብድግ ብሎ ወዲያው መቀመጥ ለደሙ ፋታ አይሰጠውም። አልጋ ላይ ያለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ። ማታ ልብስ ሲወልቅ የጭራ አጥንት፣ የመቀመጫ አጥንቶች፣ ዳሌ፣ ቁርጭምጭሚትና ተረከዝ ይፈተሹ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ቅላት ካለ እዩ» የሚል ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላት ጎልቶ አይታይም። እዚህ ላይ ከዓይን ይልቅ እጅ ይታመናል። የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ከአካባቢው የሞቀ፣ በጣት ሲነካ የጠጠረ ወይም እንደ ሊጥ የሰረጎደ ቦታ መፈለግ ነው። ዓይነ ስውር የሆነ አባል ይህን አሳምሮ ይሠራዋል። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት፣ በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ።

እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ ቆዳው ወደ ነበረበት እስኪመለስ በዚያ በኩል መቀመጥም መተኛትም ይቅር። እንዳይታሽ፤ መታሸቱ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ያባብሰዋል። መሀሉ ክፍት የሆነ ክብ የአየር ትራስም አይበጅም፤ ጠርዙ ዙሪያውን ተጭኖ መሀል ያለው ሥጋ ደም እንዳያገኝ ያደርጋል። ቆዳው ከተከፈተ ቅቤም ሌላም ሳይቀቡ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ። መቀመጫ ስፖንጁን ለመፈተን ሰውየው እንደተቀመጠ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ በስፖንጁና በወንበሩ መካከል ማስገባት ነው። አጥንቱ ቀጥታ ጣት ላይ ካረፈ ስፖንጁ አልቆለታልና ይቀየር።

እያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ወረቀት ይኑረው፤ እንዴት እንደሚነሳ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ሽንት በካቴተር (በሽንት ማውጫ ቀጭን ቱቦ) በስንት ሰዓት እንደሚወጣለት። ጉዳቱ ከደረት አከርካሪ ስድስተኛ አጥንትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ይህን በትልቁ ይጻፍ፦ ድንገት ራስ ምታት ከከፈለኝ፣ ፊቴ ከቀላና ካላበኝ የደም ግፊቴ ሽቅብ ወጥቷል፤ አታስተኙኝ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡኝ፤ ቀበቶና ጫማ አላሉ፤ የካቴተሩ ቱቦ ታጥፎ ወይም ፊኛዬ ሞልቶ እንደሆነ እዩ፤ ካልተሻለኝ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያይ ሊያስተኛ ይሞክራል፤ መተኛት ግፊቱን ይጨምረዋል፤ ሕይወት ሊያልፍም ይችላል።

ዕድሩ ጉልበተኛ ወጣቶች አሉት፤ ጉልበታቸው ለሬሳ ብቻ አይዋል። ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም ሰው ከነዊልቸሩ ማውረድ የሚማሩት ሥራ ነው። ሲወጣም ሲወርድም የተቀመጠው ሰው ጀርባ ወደ ላይኛው ደረጃ ይሁን፤ ብርቱው ከላይ የመግፊያ እጀታውን፣ ሌላው ከታች የወንበሩን ብረት ይያዝ። የእጅና የእግር ማሳረፊያው ብዙ ጊዜ ተነቃይ ስለሆነ በእሱ ከተነሳ ነቅሎ ይወጣና ሰው ይወድቃል። ድስትና ወንበር በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥም ዊልቸር ደፍ የሚሻገርበት አንድ ተዳፋት የእንጨት መወጣጫ ይጨመር። ልኩ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ደፍ 1 ሜትር ከ80። ካጠረ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አንልም። 7 ሰው በወር 100 ብር ቢያዋጣ 700 ይሆናል፤ ለስፖንጅ፣ ለውስጥ ጎማ፣ ለኩሽኔታና ወደ ሕክምና መሄጃ ታክሲ። ለአንድ ሰው በዓመት ስንት እንደሚወጣ ጣሪያው አስቀድሞ ካልተወሰነ የመጀመሪያው ከባድ ሕመም ሣጥኑን ባዶ ያደርገዋል፤ ቅሬታውም ከዚያ ይጀምራል። ቀሪ ሂሳቡ በየወሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ በጽሑፍ መልእክትም ይላክ፤ የማያየውም የማይሰማውም እኩል ይወቅ።

የቤት ሰውም አይረሳ። ሌት ተቀን የምታነሳና የምትገላብጥ እናት ወይም እህት ወገቧ ሲያልቅ አስታማሚም ታማሚም ይወድቃሉ። ቡድኑ በሳምንት ግማሽ ቀን ተክቷት ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፣ መስጊድ ትሂድ፣ ወይም ትተኛ።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 ማንም ከኅብረተሰቡ ሳይነጠል የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በሰፈር ደረጃ ይህ መብት የሚጀምረው ከዕድር መተዳደሪያ ደንብ ነው። ስለዚህ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እነዚህን ሦስት አንቀጾች ለውይይት እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን፦

«ማንኛውም አባል አቅሙ የሚፈቅደው ተራ ይመደብለታል እንጂ ከተራ አይሰረዝም፤ መዝገብ መያዝ፣ ስልክ መደወልና ሂሳብ መቆጣጠር እንደ ድንኳን ተከላ ይቆጠራል።

የዕድሩ ጥሪ በጡሩምባ ብቻ አይተላለፍም፤ መስማት ለተሳነው አባል በጽሑፍ መልእክት ወይም ቤቱ ድረስ በሰው ይነገረዋል፤ ይህ ካልተደረገ ቅጣት የለበትም።

ከወርሃዊው መዋጮ ከ10 አንዱ እጅ በሕይወት ላሉ አባላት መረዳጃ ይውላል፤ አጠቃቀሙን የመረዳጃ ቡድኑ ይወስናል።»

የአካል ጉዳተኞች የመረዳጃ ቡድን አስተባባሪዎች፣
አዲስ አበባ