የሜክሲኮ ምሰሶዎች ሥዕል ይገባቸዋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቤቴ ጀሞ ነው። ማታ ከሥራ ስወጣ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ሰልፉ ሲረዝም በባቡሩ ድልድይ ሥር ይጠመዘዛል። ባለፈው ሐሙስ አርባ ደቂቃ ያህል ቆሜ ፊት ለፊቴ ያለውን ምሰሶ ሳይ አመሸሁ። ግራጫ ሲሚንቶ ነው። በቁመቴ ልክ ተቀድዶ የቀረ ማስታወቂያ አለ፤ ከሥሩ መኪና የረጨው ጭቃ ደርቆበታል። ከፊቴ አንዲት እናት ልጅ አዝላለች። ልጅቷ ተንጠራርታ የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሯ ትልጣለች። ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ከሥሩ ቆመናል፤ ምሰሶዎቹ ግን አንዳች ነገር አውርተውን አያውቁም።

የሚወራ ጠፍቶ ደግሞ አይደለም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ብዙ መንግሥታት ወረራውን አሜን ብለው ተቀበሉ። ሜክሲኮ ግን አሻፈረኝ አለች። በመንግሥታት ማኅበር ፊትም ቆማ ተከራከረችልን። አደባባዩ በስሟ የተጠራው ለዚህ ውለታ ነው። ሜክሲኮዎችም አልረሱንም። በዋና ከተማቸው “ኢትዮጵያ” የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ። እዚያ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የሥዕል ምልክት አለው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ መውረጃው እንዳይጠፋው ታስቦ የተጀመረ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያ ምልክት ምን ይመስላችኋል? የአንበሳ ራስ!

እነሱ አንበሳችንን ጣቢያቸው ላይ ሳሉት። እኛ ሜክሲኮ የሚባል ጣቢያ ይዘን ምሰሶው ባዶውን ቆሟል። ይሄ ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ባለው ጣቢያ፣ ለገሃር ላይ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ጣልያን ሮም ድረስ ጭኖት ሄዶ በኋላ የተመለሰ ነው። ሰው ከባቡር ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ሊታሰብበት እንደሚገባ የዚያ ዘመን ሰዎች ገብቷቸው ነበር።

መሐንዲሶች ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ግን መላ አለው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ውስጥ አውራ ጎዳናና ትልቅ ድልድይ መጥተው የሜክሲኮ ተወላጆችን ሰፈር ከፈሉት። ከድልድዩ ሥር መናፈሻ ይሠራላችኋል ተብለው ሲጠብቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለፖሊስ ጣቢያ መሬት የሚጠርግ ዶዘር መጣባቸው። ትልቅ ትንሹ ወጥቶ ቦታውን ያዘ፤ አንለቅም አሉ። መናፈሻውን አገኙ። ከ1973 ጀምሮ ምሰሶዎቹ ላይ ታሪካቸውን ሳሉ። ቺካኖ ፓርክ ይባላል። በ1990ዎቹ ድልድዩ ለመሬት መንቀጥቀጥ ሲጠናከር ሥራው ሥዕሎቹን በማይጎዳ መንገድ ተሠራ። የሰፈሩ ሰው ሥዕሉን የራሴ ብሎ ስለያዘው ነው እንጂ ቀድሞ በተደመሰሰ ነበር።

ፍራቻዬም እዚህ ላይ ነው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ልጆች አንድ ክረምት ከኪሳቸው አዋጥተው የድልድይ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሠርተው ነበር። መሐሉ ላይ አንዲት እናት ጀበና ይዘው ቡና ሲቀዱ ይታያሉ። ከዚያ እንግዳ ይመጣል ተባለና በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም ተለቀለቀበት። ልጆቹን ማንም አልጠየቃቸውም። ከመሐላቸው አንዱ ጠዋት መጥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ሲነካው ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። እጁን አይቶ ዝም ብሎ ሄደ።

ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል ሜክሲኮን ሲያስብ ከላይ ንድፍ አውርዶ እንዳይጨርሰው እለምናለሁ። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይጠሩ። እዚያው የሚውሉት ሊስትሮዎች፣ ተራ አስከባሪዎችና ባለ ሱቆች ምን ይሳል ተብለው ይጠየቁ። ለቀለም ብቻ ሳይሆን ለእድሳቱም በጀት ይያዝ፤ ዝናብና ጭስ የሚምሩት ቀለም የለም። የምሰሶው ራስ፣ ከድልድዩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ለመሐንዲሶቹ ፍተሻ ባዶውን ይቆይ። ሁሉንም በአንዴ አላልኩም፤ ሰልፋችን ካለበት ምሰሶ ይጀመር።

እኔ መሳል አልችልም። እሑድ እሑድ ግን መጥቼ ምሰሶውን ማጠብ፣ ቀለም መበጥበጥና መሰላል መያዝ እችላለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከጀሞ